ሠራዊት የሌለው ቋንቋ፦ ኤስፔራንቶና የፈሩት መንግሥታት

በምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች ዘንድ አንድን የማይጨበጥ የፖለቲካ ሕልም ለማጣጣል የኤስፔራንቶን ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ስሙን በዚህ መልክ የሚያነሡት ጸሐፍት አብዛኛዎቹ ስለ ቋንቋው የሚያውቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ግለሰብ ቁጭ ብሎ የፈጠረው መሆኑንና ዓለም የጋራ መግባቢያው አድርጎ እንዳልተቀበለው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ እውነቶች ጋር የማይታረቅ ሌላ ታሪክ አለ። መንግሥት ያልደገፈው፣ ግዛት ያልነበረው፣ አንድም ወታደር ያላሰለፈ ቋንቋ ይህን ያህል ከንቱ ከነበረ ሂትለር በመጽሐፉ ውስጥ በስም ጠቅሶ ማውገዝ ለምን አስፈለገው? የስታሊን የጸጥታ መሥሪያ ቤትስ ተናጋሪዎቹን እየለቀመ ያሰረውና የረሸነው ስለ ምንድን ነው? የዴሞክራሲ አገር የምትባለው የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስትርስ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ የከለከለው ምን ታይቶት ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢን ኤስፔራንቶ ማስተማር አይደለም፤ ጸሐፊውም የቋንቋው ተናጋሪ አይደለም። ዓላማው በቋንቋና በሥልጣን መካከል ያለውን ግንኙነት ከአንድ ለየት ያለ አብነት ተነሥቶ መመርመር ነው። የቋንቋ ነገር በተነሣ ቁጥር ደማችን ቶሎ የሚሞቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ ያለውን ጉዳይ በሰከነ ልብ ማየቱ ሳይጠቅመን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የቢያሊስቶክ ልጅ

ሉድቪክ ላዛር ዛመንሆፍ የተወለደው በ1859 ዓ.ም. በቢያሊስቶክ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ ሲሆን በዚያን ዘመን ግን በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች። ከነዋሪዋ ብዙው ይዲሽ የሚናገር አይሁዳዊ ነበር፤ ከእርሱ ጎን ፖላንዳዊው፣ ጀርመናዊው፣ ሩሲያዊውና ቤላሩሳዊው ይኖራል። ሁሉም በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ግን እርስ በርስ በጥርጣሬና በንቀት ይተያያሉ። ዛመንሆፍ ከዓመታት በኋላ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቤት ውስጥ ሰዎች ሁሉ ወንድማማች ናቸው እየተባለ ቢማርም ወደ ጎዳና ሲወጣ ግን «ሰው» የሚባል ነገር አጥቶ ሩሲያዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ጀርመናዊና አይሁዳዊ ብቻ ማግኘቱን ያስታውሳል። ይህ ነገር ለእኛ ዘመን ሰው ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

አባቱ የቋንቋ መምህር ነበር። ቤተሰቡ ወደ ዋርሶ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ በአይሁድ ቋንቋዎች የሚታተሙ ጽሑፎችን ለዛሩ መንግሥት ይመረምር ነበር። የሳንሱር ሠራተኛ ማለት ነው። የዓለም ቋንቋ ሕልም ከሳንሱር ሠራተኛ ቤት መውጣቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። ልጁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሶ በ1878 ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የቋንቋውን ልደት አከበረ። ሕክምና ለመማር ወደ ሞስኮ ሲሄድ ግን አባቱ ወረቀቶቹን ወሰደበት። አባት በራሱ ሚዛን አልተሳሳተም፤ በዛሩ ዘመን ምስጢራዊ በሚመስል ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የተገኘ አይሁዳዊ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ ተመልሶ እንደ አዲስ ጀመረ።

ቋንቋው የተሠራበት ብልሃት ቀላል ነው። ዛመንሆፍ እንደተረከው መፍትሔው የታየው በሱቅ ታፔላዎች ላይ ነበር፤ የበር ጠባቂ ክፍልንና የጣፋጭ መሸጫን የሚያመለክቱት የሩሲያኛ ቃላት በአንድ ዓይነት ቅጥያ ማለቃቸውን አስተዋለ። እንግዲያው ሺህ ቃላትን ከማሸምደድ ይልቅ ጥቂት ሥሮችንና ጥቂት ቅጥያዎችን ይዞ ቀሪውን ተናጋሪው ራሱ ሊያበጀው ይችላል ማለት ነው። በኤስፔራንቶ ስም ሁሉ በ«ኦ»፣ ቅጽል ሁሉ በ«አ» ያልቃል፤ ግሡ ለአሁን ጊዜ «አስ»፣ ለኃላፊ ጊዜ «ኢስ»፣ ለትንቢት «ኦስ» ይላል፤ ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጥ ግሥ የለም። «ቦና» ጥሩ ማለት ከሆነ «ማልቦና» መጥፎ ነው። «ለርኒ» መማር ሲሆን «ለርኔዮ» የሚማሩበት ቤት ነው። ከአንድ «ተማረ» ተማሪን፣ ትምህርትን፣ መምህርንና ማስተማሪያን ሲያፈልቅ ላደገ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ አካሄድ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሥሮቹ ግን አብዛኛዎቹ ከላቲንና ከልጆቿ፣ ከፊሎቹ ከጀርመን ወገን፣ ጥቂቶቹም ከስላቭ ቋንቋዎች የተወሰዱ ናቸው። «ዓለም አቀፍ ነው የምትሉት ቋንቋ መዝገበ ቃላቱ አውሮፓዊ ነው» የሚለው ወቀሳ ከዚህ የመነጨ ሲሆን ወቀሳው ተገቢ ነው።

መጽሐፉ በ1887 በዋርሶ በሩሲያኛ ታተመ። የማሳተሚያው ገንዘብ የተገኘው ሚስቱ ክላራ ይዛው ከመጣችው ጥሎሽ ነበር። ደራሲው የዓይን ሐኪም ስለነበረና ሕመምተኞቹ እንደ ቅዠታም እንዳይቆጥሩት ስለሰጋ በእውነተኛ ስሙ አልወጣም፤ «ዶክተር ኤስፔራንቶ» ብሎ ፈረመ፤ «ተስፋ የሚያደርገው ሐኪም» እንደ ማለት ነው። የብዕር ስሙ በኋላ የቋንቋው ስም ሆኖ ቀረ።

በእኔ ግምት የቋንቋውን ዕድል የወሰነው ሰዋስዉ አይደለም። በዚያች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ዛመንሆፍ በቋንቋው ላይ ያለውን የባለቤትነት መብት ሁሉ መተዉ ነው፤ ቋንቋ የማንም የግል ንብረት አይደለም ብሎ ለሕዝብ አስረከበ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ሳስበው ፈገግ የሚያሰኘኝ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ተቆርጠው የሚላኩ የቃል ኪዳን ወረቀቶች አያይዞ ነበር። ፈራሚው «ዐሥር ሚሊዮን ሰዎች ቋንቋውን እንደሚማሩ ቃል ከገቡ እኔም እማራለሁ» ይላል። ማንም ብቻውን ደክሞ እንዳይከስር የታሰበ ነው፤ የፖለቲካ ሳይንስ መምህራን የጋራ ተግባር ችግር እያሉ የሚያስተምሩትን ነገር ወጣቱ ሐኪም በወረቀት ቁራጭ ሊፈታው ሞከረ። ዐሥር ሚሊዮኑ አልመጣም። ሆኖም በ1889 የ1,000 ሰዎች ስምና አድራሻ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። እነዚያ አንድ ሺህ ሰዎች ዐሥር ሚሊዮኑን ሳይጠብቁ እርስ በርስ ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ።

ይህን ከቀደመው ሙከራ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዮሐን ማርቲን ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ ከኤስፔራንቶ በፊት «ቮላፒክ» የተባለ ቋንቋ ፈጥሮ በ1880ዎቹ አውሮፓን አዳርሶ ነበር። ተከታዮቹ በየከተማው ማኅበራት አቋቋሙ፤ በ1889 በፓሪስ ያደረጉት ጉባኤ እስከ መስተንግዶው ድረስ በቮላፒክ ተካሄደ ይባላል። ነገር ግን ቄሱ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው አለ። ምሁራኑ እናሻሽለው ሲሉ እርሱ እምቢ አለ፤ እንቅስቃሴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበታተነ። ዛመንሆፍ በአንጻሩ በ1894 እርሱ ራሱ ያረቀቀውን የማሻሻያ ሐሳብ ለመጽሔት አንባቢዎቹ አቀረበ። አንባቢዎቹ ድምፅ ሰጥተው ጣሉት፤ እርሱም ውሳኔያቸውን ተቀበለ። የቋንቋው ፈጣሪ በራሱ ቋንቋ ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ ማለት ነው። መሥራች መሪ ተሸንፎ አሜን ያለበትን ማኅበር በእኛ አካባቢ ታሪክ ውስጥ መፈለጉን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በሽታውን የሳተ ሐኪም

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1905 በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በቡሎኝ ሱር ሜር ተደረገ። ከ20 አገሮች የመጡ 688 ሰዎች ተገኙ። እስከዚያች ቀን ድረስ ኤስፔራንቶ በአብዛኛው የደብዳቤና የመጽሔት ቋንቋ ነበር፤ ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ሲጨዋወቱ፣ ሲከራከሩና ቲያትር ሲያዩ ጥርጣሬው ተገፈፈ። ጉባኤው ባወጣው መግለጫም ኤስፔራንቲስት ማለት ቋንቋውን ለየትኛውም ዓላማ ቢሆን የሚጠቀም ሰው ነው የሚል ፍቺ ተሰጠ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ክብደት አለው። አባል ለመሆን የፖለቲካ እምነት አይጠየቅም፤ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ መናገር ብቻ ይበቃል።

በዚያው ጉባኤ ግን አንድ የማያስደስት ነገር ተፈጽሟል። ዛመንሆፍ በመክፈቻው ላይ ሊያነብ ያዘጋጀው የጸሎት ግጥም መጨረሻው ላይ ክርስቲያኑን፣ አይሁዱንና ሙስሊሙን በአንድነት የሚጠራ አንጓ ነበረው። የፈረንሳይ አዘጋጆች ያን አንጓ እንዲተወው ለመኑት፤ ተወውም። ጊዜው ፈረንሳይ በድራይፉስ ክስ ምክንያት ለሁለት የተከፈለችበት ነበር፤ የቋንቋው ፈጣሪ አይሁዳዊ መሆኑ ጎልቶ እንዲታይ አልፈለጉም። ሁሉን አቀፍ የሆነ እንቅስቃሴ ገና በመጀመሪያው ቀን የመሥራቹን ማንነት ሸፈነ። «ገለልተኝነት» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከደካማው ወገን ነው።

ዓመት ሳይሞላው በሰኔ 1906 በዚያችው በቢያሊስቶክ በአይሁድ ላይ ጭፍጨፋ ተካሄደ፤ ሰማንያ ያህል አይሁዳውያን ተገደሉ። ዛመንሆፍ በበጋው መጨረሻ በጄኔቭ በተደረገው ሁለተኛው ጉባኤ ላይ ቆሞ በትውልድ ከተማው የሆነውን ተናገረ። የንግግሩ ይዘት ከቀደመ እምነቱ ጋር ሲነጻጸር አስገራሚ ነው። ይህን ጥላቻ ሆን ብለው በሐሰትና በስም ማጥፋት የሚያመርቱ ወንጀለኞች አሉ አለ፤ የጋራ ቋንቋም ሰውን መልአክ እንደማያደርግ፣ ሊያስወግድ የሚችለው ካለመተዋወቅ ብቻ የሚመጣውን ክፋት መሆኑን አመነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ዛመንሆፍ በልጅነቱ ያደረገው ምርመራ፣ ሰዎች የሚጠላሉት ስለማይግባቡ ነው የሚለው፣ ስሕተት ነበር። የቢያሊስቶክ ገዳዮች ከሟቾቹ ጋር በገበያ ሲግባቡ የኖሩ ናቸው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክም ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 ገዳይም ተገዳይም የሚናገሩት ኪንያርዋንዳ ነበር፤ ገዳዮቹ በሬዲዮ ሲቀሰቀሱ ሟቹም ቅስቀሳውን ያለ አስተርጓሚ ይሰማ ነበር። ሰርቦችና ክሮአቶች በአንድ ቋንቋ እየተሰዳደቡ ተዋጉ። ጎረቤታችን ሶማሊያ በቋንቋ አንድነቷ ከአፍሪካ አገሮች በቀዳሚነት የምትጠቀስ ብትሆንም ከ1991 በኋላ ከመፈራረስ አልዳነችም። እንግዲህ «አንድ ቋንቋ አንድ ያደርገናል» የሚለውም ሆነ «የቋንቋ ብዛት አባላን» የሚለው ክርክር፣ ሁለቱም የዛመንሆፍን የወጣትነት ስሕተት ሳያውቁት የወረሱ ናቸው። ልዩነቱ እርሱ በ46 ዓመቱ መጠራጠር መጀመሩ ነው።

ዛመንሆፍ ቀሪ ዘመኑን የሰጠው ሆማራኒስሞ ብሎ ለሰየመው የሥነ ምግባር ትምህርት ነበር፤ ሰው ከብሔሩና ከሃይማኖቱ በፊት የሰው ዘር አባል ነው የሚል። ተከታዮቹ አብዛኛዎቹ አፈሩበት። እነርሱ የፈለጉት ለንግድ፣ ለሳይንስና ለጉብኝት የሚያገለግል መሣሪያ ነበር። በ1907 ደግሞ በፈረንሳዊው ፈላስፋ በሉዊ ኩቲራ አነሣሽነት የተቋቋመ ኮሚቴ ቋንቋው ይታረም ብሎ «ኢዶ» የተባለ የተሻሻለ ቋንቋ አወጣ። ከምሁራንና ከመሪዎች ወገን ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ሰው ወደ ኢዶ ሄደ፤ ተራው ተናጋሪ ግን ንቅንቅ አላለም። ኢዶ በሰዋስው ረገድ የተሻለ ነው የሚሉ የቋንቋ ምሁራን ዛሬም አሉ። ሆኖም ቋንቋ በኮሚቴ ውሳኔ የሚቀየር ነገር አልሆነም፤ ኤስፔራንቶ በዚያን ጊዜ ቀልድ፣ ዘፈን፣ ትዳርና ጠብ የተካሄደበት ቋንቋ ሆኖ ነበር።

በነሐሴ 1914 መጀመሪያ በፓሪስ ሊደረግ ለታሰበው ጉባኤ ከ3,700 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ጉባኤው ሊከፈት በታቀደበት ዕለት አውሮፓ ወደ ጦርነት ገብታ ነበር። ወደ ፓሪስ በመጓዝ ላይ የነበረው ዛመንሆፍ ከጀርመን ኮሎኝ ከተማ በስካንዲኔቪያ ዞሮ ወደ ዋርሶ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት የሰላም ሰው የነበረው ኩቲራ የክተት ትእዛዝ ይዛ ስትበር ከነበረች የጦር መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ዛመንሆፍም ጦርነቱን ሳይሻገር በ1917 በጀርመን ጦር በተያዘችው ዋርሶ አረፈ።

ያስደነገጣቸው ምን ነበር?

ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር በጄኔቭ ሲቋቋም ኤስፔራንቶ ወደ ሥልጣን ደጃፍ የቀረበበት ብቸኛ አጋጣሚ መጣ። በ1920 ቻይና፣ ሕንድ፣ ፋርስና ብራዚል የሚገኙባቸው የበርካታ አገሮች መልእክተኞች ቋንቋው በትምህርት ቤቶች ስለሚሰጥበት ሁኔታ ማኅበሩ እንዲያጠና ሐሳብ አቀረቡ። ጃፓናዊው የማኅበሩ ምክትል ዋና ጸሐፊ ኒቶቤ ኢናዞ በ1921 በፕራግ በተካሄደው የኤስፔራንቶ ጉባኤ ተገኝቶ ያየውን በአድናቆት ዘገበ። የሐሳቡን አቅራቢዎች ማንነት ልብ ይሏል፤ ብዙዎቹ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ የበላይነት የሚጎዳቸው አገሮች ናቸው። የተቃወመችው ፈረንሳይ ነበረች። መልእክተኛዋ ገብርኤል አኖቶ፣ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ከተፈለገ ፈረንሳይኛ አለላችሁ በሚል መንፈስ ሞገተ። በ1922 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሩ ሌዎን ቤራር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለኤስፔራንቶ ማስተማሪያ እንዳይውሉ ከለከለ። ጉዳዩ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ተንከባልሎ በ1923 ሞተ።

በዚያው በ1923 ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆነች። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ሸንጎ ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ጉባኤው የንግግሩን ይዘት የሰማው በትርጉም ነው። በማኅበሩ መሥሪያ ቋንቋ ባለመናገራቸው የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ሸንጎው ፍርድ ያጓደለው ስላልገባው አይደለምና።

ፈረንሳይ በጨዋ ደንብ ያደረገችውን ሌሎች በጥይት አደረጉት። ሂትለር ገና ሥልጣን ሳይዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ አይሁድ ዓለምን ከያዙ በኋላ እንደ ኤስፔራንቶ ያለ ቋንቋ በሕዝቦች ላይ ይጭናሉ ሲል ከሶ ነበር። በ1933 የሠራተኞች የኤስፔራንቶ ማኅበራት ፈረሱ፤ በ1935 ቋንቋው ከትምህርት ቤት ታገደ፤ በ1936 በሂምለር ትእዛዝ የቀሩት ማኅበራት ተበተኑ። እዚህ ላይ መሸፋፈን የማይገባው ሐቅ አለ። የጀርመን ኤስፔራንቶ ማኅበር ከመፍረስ ለመዳን ሲል ከናዚዎች ጋር ለመስማማት፣ አይሁዳውያን አባላቱን እስከ ማግለል ድረስ፣ ሞክሯል። ይህም አላዳነውም። በቡሎኝ አንድ የግጥም አንጓ በመሸፈን የተጀመረው ገለልተኝነት እዚህ ደረሰ።

የሶቪየት ኅብረት ታሪክ ከዚህም የመረረ ነው። በ1920ዎቹ ቋንቋው በዚያች አገር አብቦ ነበር፤ ማኅበሩን የሚመራው ኤርነስት ድሬዘን የተባለ የታወቀ ኮሚኒስት ሲሆን መንግሥት ለኤስፔራንቶ ክብር ሲል የፖስታ ቴምብር እስከ ማውጣት ደርሷል። የዓለም ሠራተኞች በአንድ ቋንቋ ይጻጻፉ የሚለው ሐሳብ ከአብዮቱ መፈክር ጋር ሊጣላ አይችልም ተብሎ ታምኖ ነበር። የተጣላው ሲሠራ ነው። የካርኮቭ ሠራተኛ ለሊዮን ሠራተኛ፣ ያለ ፓርቲው አስተርጓሚና ያለ ጋዜጣው አርታኢ፣ ዳቦ ስንት እንደሚሸጥ መጻፍ ሲችል መንግሥት የሚናገረውና ዜጋው የሚናገረው ሊለያይ ነው። በ1937 እና በ1938 እስሩ መጣ። ድሬዘን በ1937 ተረሸነ፤ ደራሲው ቭላዲሚር ቫራንኪን በቀጣዩ ዓመት ተከተለው። ከውጭ አገር ሰው ጋር መጻጻፍ በራሱ የስለላ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ጀርመናዊው የታሪክ ምሁር ኡልሪክ ሊንስ ይህን ሁሉ በሰነድ አስደግፎ ሲያጠና መጽሐፉን «አደገኛው ቋንቋ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ የቀኝም የግራም አምባገነን የተስማማበት ነጥብ ይህ ነው። አደጋው ቋንቋው ዓለምን አንድ ማድረጉ አልነበረም፤ ያንን ማንም አላመነም። አደጋው ተራ ሰው ከመንግሥቱ ሳያስፈቅድ ድንበር ተሻግሮ የሚያወራበት፣ ማንም የማይቆጣጠረው መስመር መሆኑ ነው። ሌሎቹን ቋንቋዎች የተማረው ሰው ጥቂትና የሚታወቅ ነው፤ ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው፣ ምሁሩ። ኤስፔራንቶን ግን የባቡር ሠራተኛውም በጥቂት ወራት ይማረዋል። ቶልስቶይ ሁለት ሰዓት ባጠናው ማንበብ እንደቻለ ጽፎ ነበር፤ የዛሩ ሳንሱርም በ1895 የእርሱን ጽሑፍ ስላወጣ ብቻ የኤስፔራንቶ መጽሔት ወደ ሩሲያ እንዳይገባ ከልክሎ ነበርና ፍርሃቱ ጥንትም ነበረ።

የዛመንሆፍ ቤተሰብ ዕጣ አጭር ነው። ልጁ አዳም፣ እንደ አባቱ የዓይን ሐኪም፣ በ1940 በጀርመኖች ተረሸነ። ሴት ልጆቹ ዞፊያና ሊዲያ በ1942 በትሬብሊንካ ተገደሉ። ሊዲያ ኤስፔራንቶ እያስተማረች አውሮፓንና አሜሪካን የዞረች ናት፤ በ1938 የአሜሪካ ቪዛዋ ስላልታደሰ ወደ ፖላንድ ተመለሰች። በዋርሶ የአይሁድ መከለያ ሰፈር ውስጥ ሰዎች ወደ ሞት ባቡር የሚነዱበት ዋናው መንገድ ዛመንሆፍ ጎዳና ይባል ነበር፤ ቀደም ሲል በክብር በስሙ የተሰየመ ነው።

የተረፉት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ታሪክ የአንድ ትልቅ ዕቅድ ቀስ በቀስ መተውና በቦታው የአንድ ትንሽ ሕዝብ መወለድ ነው። ዩኔስኮ በ1954 በሞንቴቪዴዮ ጉባኤው፣ በ1985ም በሶፊያ ጉባኤው፣ ለቋንቋው ዕውቅና የሚሰጥ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከወረቀት ብዙም አላለፈም። በ1987 መቶኛ ዓመቱ በዋርሶ ሲከበር ስድስት ሺህ ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በ1980 በፊንላንዷ ራውማ ከተማ የተሰበሰቡ ወጣቶች ሽማግሌዎቹን ያስቆጣ ሰነድ አውጥተው ነበር። ኤስፔራንቶ የዓለም ሁለተኛ ቋንቋ የሚሆንበትን «የመጨረሻ ድል» መጠበቅ ይብቃን፤ እኛ በገዛ ምርጫችን የተፈጠርን፣ በዓለም የተበተንን የቋንቋ አናሳ ማኅበረሰብ ነን አሉ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። እኔ ግን ወጣቶቹ ከእውነታው ጋር የቀረቡ ይመስለኛል። ዲያስፖራ የሚለው ቃል ያለ አገር ሊኖር እንደሚችል ያሳየን ይህ ሕዝብ ነው።

ስንት ናቸው? ግምቱ ከመቶ ሺህ በታች ከሚሉት አንሥቶ ሁለት ሚሊዮን እስከሚሉት ይለያያል፤ ዜግነት ስለሌላቸው የሚቆጥራቸው መንግሥት የለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤት ውስጥ የሚናገሩት አንድ ሺህ ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ በልዩ ልዩ አገር ተወልደው፣ በጉባኤ ተገናኝተው የተጋቡ ወላጆች ልጆች። ከእነርሱ አንዱ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቱጃሩ ጆርጅ ሶሮስ ነው፤ አባቱ ቲቫዳር ከናዚዎች እንዴት እንደተረፉ የጻፈው መጽሐፍ በ1965 በመጀመሪያ የታተመው በኤስፔራንቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ዊሊያም ኦልድ በዚሁ ቋንቋ ሲገጥም ኖሮ ለኖቤል ሽልማት ታጭቷል። ከ1974 ጀምሮ «ፓስፖርታ ሰርቮ» በተባለ ዝርዝር አማካይነት ተናጋሪዎቹ በየአገሩ በነጻ ይስተናገዳሉ፤ የሚጠየቀው ክፍያ ቋንቋውን መናገር ነው። የእንግዳ ተቀባይነት ነገር የራሳችን ርስት ይመስለን ለነበርነው ጥሩ ተፎካካሪ ነው።

ኢንተርኔት ደግሞ ለተበተነ ሕዝብ እንደ አገር ሆነለት። በ2015 ዱዎሊንጎ የተባለው የቋንቋ መማሪያ ኤስፔራንቶን ሲጨምር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዘገቡ፤ አብዛኛዎቹ አልጨረሱትም፤ የጨረሱት ግን ማኅበራቱን አደሱ። የኤስፔራንቶ ዊኪፔዲያ ከ300,000 በላይ መጣጥፎች አሉት። በአስርት ሚሊዮኖች የሚናገሩት የአማርኛ ዊኪፔዲያ ከሃያ ሺህ አልዘለለም። ይህን የምጽፈው ለማሳፈር አይደለም፤ ኢንተርኔትም፣ መብራትም፣ ጊዜም ለሁሉ እኩል እንዳልታደለ አውቃለሁ። ነገር ግን መንግሥት፣ ቴሌቪዥንና ዩኒቨርሲቲ ያለው ቋንቋ ሦስቱም በሌሉት ቋንቋ ሲበለጥ ምክንያቱ የተናጋሪ ቁጥር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ኤስፔራንቲስቱ እርሱ ካልጻፈ ማንም እንደማይጽፍለት ያውቃል። እኛ ግን ሌላ የሚጽፍ አለ ብለን እንጠብቃለን፤ ስንጽፍም የምንጽፈው ስለ ቋንቋው መብት እንጂ በቋንቋው ስለ ሌላው ዓለም አይደለም።

በአፍሪካ ቋንቋው በቶጎ፣ በቤኒን፣ በቡሩንዲና በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሥር ሰድዷል። በሎሜ በዛመንሆፍ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም የቅኝ ገዥ ቋንቋ በሆነበት አህጉር አንድ ወጣት ኤስፔራንቶን የሚመርጥበት ምክንያት ከአውሮፓዊው ይለያል፤ በዚህ ቋንቋ ጉባኤ ላይ ከፓሪስ የመጣው ሰው እንደ እርሱ ሁሉ ተማሪ ነው፤ አነጋገርህ ትክክል አይደለም የሚለው ባለቤት የለም። መዝገበ ቃላቱ አውሮፓዊ መሆኑ ግን ይህን እኩልነት ሙሉ አያደርገውም።

ዓለም አቀፉ የኤስፔራንቶ ጉባኤ ከቡሎኝ በኋላ 119 ዓመት ቆይቶ በነሐሴ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ተካሄደ። የተመረጠችው ከተማ የታንዛኒያዋ አሩሻ ናት። የሩዋንዳን የዘር ጭፍጨፋ ወንጀለኞች የዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እስከ 2015 የተቀመጠባት ከተማም ይህችው ናት። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ስለነበሩ፣ ጎረቤቶቻቸው በራሳቸው ቋንቋ እየተጣሩ ስለፈጁባቸው ዘመዶቻቸው በኪንያርዋንዳ የሚናገሩት ምስክሮች ቃል ለዳኞቹ የሚደርሰው በአስተርጓሚ ነበር።